የጠረጴዛው ሁለት ክንፍ

የሽማግሌው አናጢ ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም፣ የሥራ ቤቱ ቁልፍ ለማን ይሰጥ የሚለው ነገር ቤተሰቡን አስጨነቀው። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ እጁ ፈጣን ስለሆነ ሰፈሩ «ነፋሱ» የሚለው ታላቁ፣ እና ታናሽ እህቱ። እሷ መላጊያ ከጨበጠች ስንት ዘመኗ ነው፤ ሰዉ ግን አባቷን ታግዛለች ይላል እንጂ አናጢ ናት ብሎ አያውቅም። ይሄ ነገር ሲያንገበግባት ኖሯል። ቁልፉን የፈለገችውም ለዚሁ ነው።

አባትየው መሃል ላይ የሚገጥሙ ሁለት ክንፎች ያሉት ጠረጴዛ አስቀረቡ። «አንዳንድ ክንፍ አለስልሱልኝ። አብልጦ የሠራ ቁልፉን ይረከባል፤ ሌላው ከሱ ሥር ይሠራል» አሉ።

ነፋሱ ምን ቸገረው! ሻካራውን ሰማንያ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሽው ሽው አደረገና፣ የመሃሎቹን ቁጥሮች ዘሎ ልዝቡን ሁለት መቶ ሃያ አነሳ። ለምሳ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። እሷ ከሰማንያ ወደ መቶ ሃያ፣ ከዚያ ወደ መቶ ሰማንያ አለፈች፤ ሁለት መቶ ሃያ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀት በቀየረች ቁጥር አቧራውን ጠርጋ ጣውላውን በእርሳስ ትሞነጫጭረዋለች፤ የእርሳሱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር አታልፍም።

«እቱ፣ ሥዕል ነው እንዴ የምትሥዪው? እንዲህ ከሆነማ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚበሉት የልጅ ልጆችሽ ናቸው» አላት።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ምሳህን ብላ» አለችው። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ክርኗ ዝሏል።

ስትጨርስ አባትየው መዳፋቸውን በሁለቱም ክንፎች ላይ አንሸራተቱ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። «ሁለቱም ሐር ነው። እጄ ሊለያቸው አልቻለም» አሉ። እሷ ኩምሽሽ አለች። እኩል ከሆነ ታላቁ ይቀድማል፤ የታወቀ ነው። የነፋሱ ፈገግታ ጆሮው ጋ ደርሷል።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሉ እንጨት ውስጥ የሚሰርገውን ቡናማ ቀለም ቀቡት» አሉ።

ቀቡት። ለካ ልዝቡ ወረቀት የሻካራውን ጭረት አፉን አለሰለሰው እንጂ አላጠፋውም! ቀለሙ እየገባ አንድ በአንድ አወጣው። የነፋሱ ክንፍ ድመት ስትቧጭረው የዋለች መሰለ። በእሷ ክንፍ ላይ የእንጨቱ ጅማት ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ምን ይታያል?» አሉ አባትየው። ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። «አንተን ነው የጠየቅኩት፣ ልጄ።»

ለማያይ ሰው መዋሸት ምን ይከብዳል? እሷ ወንድሟን አየችው። ነፋሱ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም። ጎንበስ ብሎ የራሱን አየ፣ የእሷንም አየ።

«የኔ ተቧጭሯል፣ አባባ። የሷ እንከን የለውም። ቁልፉን ይስጧት» አለ። «ነገ ጠዋት ከመቶ ሃያ ታስጀምረኝ።»

ደስታው እንባ ሆኖ መጣባት። በአቧራማ እጇ ጠረገችና ቁልፉን ከአባቷ እጅ ተቀበለች።

«ቀለም ገብቶበታል፤ መቶ ሃያ አያወጣውም» አለችው። «ከሰማንያ ነው የምትጀምረው።»