የአርባ ሁለት ቁጥር ታንክ ክዳን

ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነው ተብሎ ነበር። ሠዓሊው ሮድዮን ላፕቴቭ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ከሥዕሉ ሸራ ፊት የጦር ሜዳ እንዲመስል የተደፋውን አሸዋ በመጥረጊያ ያስተካክላል፤ ዝገት የበላውን የራስ ቁር አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ያጋድመዋል፤ ከዚያ መልሶ እንደነበረ ያደርገዋል። የሚሠራው ነገር ኖሮ አይደለም፤ እጁ አርፎ መቀመጥ ስላቃተው ነው።

ሸራው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ ፈረስ ኮቴ የተጠማዘዘ፣ አሥራ ስምንት ሜትር የሚረዝም ነው። በላዩ ሩሲያና ጀርመን በታንክ የተጋጠሙበት የኩርስክ ሜዳ ይቃጠላል። የስንዴው ማሳ፣ ጭሱ፣ እየራቁ የሚያንሱት ታንኮች፣ ጎንበስ ብለው የሚሮጡት እግረኞች ሁለት ዓመት ፈጅተውበታል። ከሁሉም ፊት ያለው፣ አሁን አሸዋው ላይ ሊወርድ የደረሰ የሚመስለው ታንክ የተሣለው በእውነተኛው ልክ ነው። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም 42 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩን የመረጡት የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ኮሎኔል ቡርሚን ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ገና መቶ አለቃ ሳሉ፣ በዚያ ሜዳ የተዋጉበት የራሳቸው ታንክ ነበር።

የሙዚየሙ ኃላፊ ራይሳ ግሌቦቭና የርክክብ ሰነዱን በደረቷ አቅፋ ገባች።

«አደራህን ሮዲያ፣ ካልጠየቁህ አትናገር። ከተናገርክም አሳጥር።»

«እኔ መቼ አስረዝሜ አውቃለሁ?»

«እሱስ እውነትህን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንተ የሰማሁት ‹ቀለም አልቋል› የምትለዋን ብቻ ነው።» ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷ ኮስተር አለ። «ዛሬ ካልፈረሙ ሸራው ከሞስኮ ለሚመጡት ሠዓሊዎች ይሰጣል። ያኔ እኔም ምንም ላደርግልህ አልችልም።»

ሮድዮን ይህን ያውቃል። ሌሎች ይመጣሉ፣ ከላይ ከላይ ይነካካሉ፣ በሸራው ጥግ ያለው ስሙም በሌላ ስም ይተካል።

ኮሎኔል አርሴኒ ሎቮቪች ቡርሚን ልክ በሰዓታቸው ደረሱ። ቀጥ ያሉ፣ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ከአርባ ሁለት ቁጥር ፊት ቆሙ።

«መድፉ ልክ ነው» አሉ። «ሌላ ቦታ ረጅሙን፣ ያኔ ገና ያልወጣውን መድፍ ይሥሉብናል። አንተ ከየት አገኘኸው?»

«ከፎቶግራፍ፣ ጓድ ኮሎኔል። ግቢው ውስጥ የቆመው ታንክ ረጅሙ ነው ያለው፤ ሌላውን ከእሱ ቀድቼ መድፉን አሳጠርኩት።»

«ብልህ ልጅ ነህ።»

ሮድዮን ፊቱ ቀላ።

ሁለተኛው እንግዳ ዘገዩ። ከገጠር በአውቶቡስ የመጡ፣ ፕሮኮፊ ኒኪቲች የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ ኮሎኔሉ ይመሯቸው ከነበሩት ታንኮች ነጂዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ሙዚየሙ በደብዳቤ ጠርቷቸዋል። ግራ ጉንጫቸው በቃጠሎ ተልጦ እንደ ሰም የለሰለሰ ነው። ቆባቸውን በር ላይ አወለቁ። በሌላ እጃቸው ዱባ የሚያህል ኪያር የሞላበት የመረብ ዘንቢል ይዘዋል።

«ፕሮኮፊ!» አሉ ኮሎኔሉ። «አሁንም አልሞትክም እንዴ?»

«አስቤ ነበር፣ ጓድ መቶ አለቃ። ሚስቴ ድንቹ ሳይለቀም የትም አትሄድም አለችኝ።»

«መቶ አለቃነቱ እኮ ድሮ ቀርቷል።»

«ለእኔ ያው ነዎት።»

ኮሎኔሉ ሳቁ። ራይሳ ግሌቦቭናም እፎይ ብላ ሳቀች። ሮድዮን ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑ ከአዛውንቱ አልተነቀለም። አዛውንቱ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ሜዳውንም ጭሱንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ አርባ ሁለት ቁጥር ሄዱ። ከፊቱ፣ ነጂው በሚገባበትና በሚወጣበት ክዳን ልክ ጎንበስ አሉ። እንደዚያ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ምነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

«ክዳኑ ተዘግቷል።»

«ውጊያ ላይ ነዋ። ታዲያ ምን ይሁን?»

«አንድ መዳፍ ይከፈት ነበር።» አዛውንቱ እጃቸውን አጋድመው አሳዩ። «ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንነዳው። ክዳኑ ላይ ባለችው ማያ መስታወት ጭቃና ጭስ እንጂ መንገድ አይታይም። ደግሞ ታንኩ ሲመታ ብረቱ ይጣመማል። የተቀረቀረ ክዳን ከዚያ በኋላ አይከፈትም።»

«መመሪያው ይዘጋል ነው የሚለው» አሉ ኮሎኔሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ሳቁ ግን ከፊታቸው ጠፍቷል። «ከፍቶ የሚዋጋ ሰው ለመሸሽ የተሰናዳ ነው። ለተማሪዎች ይህንን ልናሳያቸው ነው?»

«እኔ ስለ ሥዕሉ ነው የተጠየቅሁት።»

«ተናገርክ፤ ሰማን።»

«አልጨረስኩም፣ ጓድ መቶ አለቃ።» አዛውንቱ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው አሻሹ። «ያን ዕለት ጧት እርስዎ ከታንክ ታንክ እየዞሩ ክዳን አስዘጉን። እንዳለፉ እኔ መልሼ ከፈትኩ። ሌሎቹም ከፈቱ። ስትዮፓ ኮሊቼቭ ግን የእርስዎ ነጂ ነበር። ከበላዩ ተቀምጠው እሱ እንዴት ብሎ ይክፈት?»

ሮድዮን ስሙን ያውቀዋል፤ ኮሎኔሉ ቁጥሩን ሲመርጡ በላኩት ደብዳቤ ውስጥ «ነጂዬ ስቴፓን ኮሊቼቭ በጀግንነት ወደቀ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ታንኩ ሲመታ ኮሎኔሉና ጥይት አጉራሹ በላይኛው በር ወጥተዋል። ነጂው አልወጣም። ደብዳቤው ከዚህ በላይ አይልም።

«ትእዛዝ ነበር» አሉ ኮሎኔሉ።

«ነበር። አልነበረም ያለ አለ?»

ኮሎኔሉ ወደ ራይሳ ግሌቦቭና ዞሩ። «ሰነዱን ይስጡኝ። ሥዕሉ ጥሩ ነው። እንዳለ እፈርማለሁ።»

እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ሰነዱን አሸዋው ዳር ባለው የጥይት ሳጥን ላይ ዘረጉት። ራይሳ ግሌቦቭና በዓይኗ ሮድዮንን «ዝም በል» አለችው። ዝም ማለት ደግሞ ለእሱ ከምንም በላይ የሚቀል ነገር ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቀው ፊርማ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

ሮድዮን ግን የሚያየው ሰነዱን አልነበረም፤ ክዳኑን ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ በብርድ ጣቱ እርሳሱ ላይ እየደረቀ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ታንክ ፊት ቆሞ ነው የቀዳው። በዚያ ታንክ ክዳን ዙሪያ ጣት የሚያህል የብየዳ መስመር ይዞራል። ሕፃናት እየገቡ እንዳይጫወቱበት ማዘጋጃ ቤቱ አስበይዶታል። እሱ መድፉን አርሞ ሲኮራ፣ የተበየደ በር አይቶ የተበየደ በር ሥሏል። ጠርዙ ላይ የምታርፈውን የፀሐይ ጭረት እንኳ ምን ያህል ተጨንቆባት እንደነበር ትዝ አለው።

«ይቆዩ» አለ።

ወደ ሳጥኑ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ጓድ ኮሎኔል፣ ይቆዩ። አይፈርሙ።»

«ምን አልክ?»

«ስህተቱ የእኔ ነው። ክዳኑን የቀዳሁት ከተበየደው ነው።» ከመሣሪያ ሳጥኑ ቢላዋውን አነሣ።

«ያንን ከከፈትክ» አሉ ኮሎኔሉ ቃላቱን ረገጥ እያደረጉ፣ «እኔ ፊርማዬን አላኖርም።»

«አውቃለሁ።»

ቢላዋውን ከክዳኑ ታችኛው ጠርዝ አስገብቶ ጫነው። የደረቀው ቀለም ክርር እያለ ተላጠ፤ አረንጓዴ ቅርፊት አሸዋው ላይ ረገፈ፤ ከሥሩ የሸራው ነጭ ብቅ አለ። ራይሳ ግሌቦቭና አፏን በእጇ ያዘች። ሮድዮን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቀ። አሁን ወደ ኋላ ቢል እንኳ መመለሻ የለውም።

ኮሎኔሉ እስክሪብቷቸውን ከደኑ፣ ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ በሩን ከፍተው ወጡ። አልዘጉትም።

«በቃ» አለች ራይሳ ግሌቦቭና ሳጥኑ ላይ ከሰነዱ ጎን ቁጭ ብላ። «ከሦስት ቀን በኋላ ምረቃ ነው፤ እኛ ግን እንግዶቹን በነጭ ቀዳዳ ልንቀበላቸው ነው።»

አዛውንቱ ወደ ሮድዮን ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ይህን ላመጣብህ ብዬ አልነበረም።»

«የጠራንዎት እኛ ነን» አለ ሮድዮን። ቢላዋውን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጠርጎ የጨረሰውን ደግሞ ይጠርገዋል።

«ግቢው ውስጥ ናቸው» አለች ራይሳ ግሌቦቭና በመስኮት እያየች።

ኮሎኔሉ ከቆመው ታንክ ፊት ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው ብረቱ ላይ አኑረዋል። በጣታቸው የብየዳውን መስመር ከአንዱ ጥግ ጀምረው ይከተላሉ፤ ዙሪያውን ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች በአጠገባቸው አለፈች፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። ሮድዮን መኪናቸው ሲነሣ እሰማለሁ ብሎ ጠበቀ። የሰማው የእግር ኮቴ ነው።

ገብተው በቀጥታ ወደ ሸራው ሄዱ።

«በዝቷል» አሉ።

«ምኑ፣ ጓድ ኮሎኔል?»

«የፋቅኸው። በዚህ ክርን ይገባበታል።» መዳፋቸውን አጋድመው ነጩ ላይ አሳረፉ። «አራት ጣት ነው። አውራ ጣት አይቆጠርም።»

ፕሮኮፊ ኒኪቲች የኮሎኔሉን እጅ አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዩ። «ልኩን ያውቁት ነበር?»

«እንዳለፍኩ መልሳችሁ እንደምትከፍቱ አውቅ ነበር። ዞሬ አላየሁም እንጂ።» ኮሎኔሉ እጃቸውን ከሸራው አላነሡም። «ስትዮፓም የሚከፍት መስሎኝ ነበር፣ ፕሮኮፊ። አንድ ጊዜ ወደ ታች ብመለከት እንደዘጋው አይ ነበር።»

አዛውንቱ ከአሸዋው ዳር ተቀመጡ፣ ከኪሳቸው ሰንጢና በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አወጡ፣ አንድ ኪያር ለሁለት ሰንጥቀው ጨው ነሰነሱበት። ግማሹን ወደ ኮሎኔሉ ዘረጉ።

«ይቀመጡ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ጊዜ ይወስድበታል።»

ኮሎኔሉ ተቀበሉ። ሰነዱን ከሳጥኑ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ራይሳ ግሌቦቭና በለቀቀችላቸው ቦታ ተቀመጡ።

«ሲጨርስ ነው የምፈርመው» አሏት።

ሮድዮን በእርሳስ አራት ጣት ለካ። ቀሪውን ነጭ ወደ አረንጓዴ መለሰው፤ የተነሣውን ክዳን ጠርዝ አወጣ። ከዚያ ለክፍተቱ ጥቁር መበጥበጥ ጀመረ። ኪያሩ በኮሎኔሉ እጅ ሳይነከስ ጨውና ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

«ያን ያህል አታጥቁረው» አሉ ከኋላው። «ያ ከተከፈተ ብርሃን ይገባል። በሌላው ቀን እስከ ስትዮፓ ጉልበት ይደርስ ነበር።»

ሮድዮን ጥቁሩ ላይ ትንሽ ቢጫ ጨመረ።