ካፒቴን የሰሙት እንግሊዝኛ

ሰውየው መርከብ ላይ ወጥተው አያውቁም። «ካፒቴን» ያሰኛቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆቴል በር ላይ ሲቆሙ የለበሱት፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ ገመድ የተሰፋበት ካፖርት ነው። አሁን ካፖርቱ የለም፤ የሆስፒታል ፒጃማ ለብሰው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ መስኮቱ ስር ካለው አልጋ ላይ ተኝተዋል። ስሙ ግን አብሯቸው ገብቷል።

ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ሴቷ እዚሁ ናት፤ ሳትመጣ የምትውልበት ቀን የለም። ወንዱ ባህር ማዶ ነው የሚሠራው። ለአባቱ ሲል ፈቃድ ለምኖ መጥቶ ነበር፤ ፈቃዱ አለቀና ዛሬ ከሰዓት ይሳፈራል።

ምን እንደያዛቸው የነገራቸው የለም። ሐኪሙ «ትንሽ ቁስለት ነገር ናት» ብሎ አለፋት፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ኮሪደር ላይ እየጠራ ነው የሚያናግረው። ልጆቹ ደግሞ አልጋው አጠገብ ምስጢር ሲያወሩ በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ሞከሩ። አባትየው እሱን ከሆቴሉ እንግዶች ለምደው እንደሚሰሙት ሲገባቸው፣ ግማሹ ተውጦ ግማሹ ተቆርጦ ወደሚነገረው ወደ ወጣቶቹ እንግሊዝኛ ዞሩ።

«አንተ ካፒቴን፣» ይላል ጎናቸው የተኛው ልብስ ሰፊ፣ «ልጆችህ እኮ እበሩ ጋ የኛው ልጆች ናቸው፤ አልጋህ ጋ ሲደርሱ ፈረንጅ ይሆናሉ። ምን እያጠጣሃቸው ነው?»

ልጆቹ ያላወቁት፣ ወጣት እንግዶችም ታክሲ የሚጠብቁት እዚያው የሆቴሉ በር ላይ መሆኑን ነው። ካፒቴን በአንድ እጃቸው የመኪናውን በር ይዘው፣ ሌላውን የእንግዳው ጭንቅላት እንዳይገጭ ከጣሪያው ጠርዝ ስር አድርገው ሲቆሙ፣ ጆሯቸው ሥራ አይፈታም ነበር። እንግዳ ቃል ሲሰሙ «ይቺ ደግሞ ምን ማለት ናት?» ይላሉ፤ ወጣቶቹም እየሳቁ ያስረዷቸዋል። «ዚፕ ኢት» ከተባለ አፍህን ዝጋ ነው። አንዷ ስልኳን ከውሃ ገንዳ ውስጥ አውጥታ ብታራግፈው፣ ብትነካካው አልነሳ ሲላት «ኢትስ አ ጎነር» አለች። «አበቃለት፣ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ማለት ነው» ብላ ነገረቻቸው።

ዛሬ ጠዋት ልጅየው በብርድ ልብሱ ላይ የአባቱን እግር እየዳበሰ፣ ፊቱን ወደ እህቱ አዙሮ፣ «ሂ ኢዝ አ ጎነር» አለ።

«ዚፕ ኢት!» አለችው፣ ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይወርድ።

ካፒቴን ወደ መስኮቱ ዞሩ። ብዙም አልደነገጡ፤ ሰውነታቸው ቀድሞ ነግሯቸዋል። ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። ሚስታቸው «ጨጓራ ነው» እየተባለች፣ «መቼ ነው ቤቴ የምገባው?» እያለች፣ ደህና ሁኚ የሚላት ሳታገኝ ነው የሄደችው። እሳቸው እንዲያ መሄድ አልፈለጉም። ልጃቸው ማወቃቸውን አውቆ፣ እንደ ሰው ተሰነባብተው መለያየት ነው የፈለጉት። ለዚህ የቀራቸው ጊዜ ደግሞ ሻንጣው እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው። «ጌታ ሆይ፣ አፌን አቅናልኝ» አሉ በልባቸው።

«ልጄ።»

«ወዬ አባዬ።»

«ጎነር ያልካትን ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነችም አውቃለሁ። አልተቆጣሁም። በል ቁጭ በልና እንሰነባበት።»

ልጅየው ፊቱ ቀልቶ መልሶ ገረጣ፤ እህቱን አያት።

«እንዴ አባዬ! አንተ ደግሞ!» አለች እየሳቀች። «ስላንተ መሰለህ? ስለ አለቃው እኮ ነው የሚያወራው!»

«አዎ፣ አለቃዬ...» አለ ልጁ። «ሰውየው ሊባረር ነው። እሱን ነው ጎነር ያልኩት። አንተማ ምን ሆነህ? ሐኪሙ በቅርቡ ትወጣለህ ብሏል።»

«በማርያም አባዬ፣ እንዲህ አታሟርት» አለች ልጅቷ።

ካፒቴን አንዴ ወንዱን አንዴ ሴቷን አዩ። የልጁ ዓይን ዙሪያው አብጧል፤ ለአለቃ እንዲህ አይለቀስም። ሴቷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ትንሽ ቢገፉበት ሁለቱም እዚያው እንደሚፈርሱ ያውቁታል። ልጁ ፈርሶ እንዴት ብሎ ይሳፈራል? እሷስ ማታ ብቻዋን ምን ልትሆን ነው?

«እንዲያ ነው እንዴ?» አሉ። «እኔ ደግሞ አርጅቼ ነገር ዓለሙ ይምታታብኛል። ምስኪን አለቃህ። ልጆች አሉት?»

ልጁ መለሰ፦ «ሁለት።»

«እግዜር ያጽናናቸው።»

ልጅየው ሻንጣውን አነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ግንባራቸውን ሳማቸው፤ ከንፈሩ ቀዝቃዛ ነበር።

«ና እስቲ ልመርቅህ» አሉት እጁን ይዘው።

«ስመለስ ትመርቀኛለህ አባዬ። ታክሲው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።» እጁን ቀስ አድርጎ ከእጃቸው አወጣና ወጣ። እህቱ ተከተለችው። እርምጃቸው መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አለ፤ ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ቆመ፤ ከዚያ የሴቷ ልቅሶ፣ በእጅ የታፈነ፣ ተሰማ።

ካፒቴን ትራሳቸው ላይ ቀና ለማለት ሞከሩ፤ አቃታቸው። ተኝተው እንዳሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ባዶው በር አነሱ።

«መንገድህን ያቅናልህ። ከክፉ ይሰውርህ። እህትህን አያሳጣህ። ልጅ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ።»

ልብስ ሰፊው ወደ እሳቸው ዞሮ፣ የሚለው ሰው ስላልነበረ እሱ አለ፦

«አሜን።»