የነጎድጓዱ ባዶ ቅጂዎች

አባትየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበሩ። በድምፃቸው የተነሣ የሰፈሩ ሰው «ነጎድጓዱ» ይላቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ የቤቱ ዝምታ ሲከብዳቸው፣ የሕይወት ታሪካቸውን በገዛ አንደበታቸው ሊቀዱ ተነሡ።

ልጃቸው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣላቸውና ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና አንድ የድምፅ መቅጃ ጫነበት። ባትሪው ደካማ ስለነበር፣ ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ እንዲያንቀላፋ፣ ሲከፈት እንዲነቃ አድርጎ አዋቀረው።

«አባዬ፣ ማጥፋት ማብራት የለም። ሲጨርሱ ይዝጉት፣ ሲፈልጉ ይክፈቱት። ቀይዋን ቁልፍ ተጭነው ማውራት ነው።»

«መቅዳቱን በምን አውቃለሁ?»

«ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ከቆጠረ ይቀዳል» አለ፣ ጫማውን እያሰረ። አንዴ ሞክሮት ሠርቷል። ዘግቶ ከፍቶ ግን አልሞከረውም፤ ደንበኛ እየጠበቀው ነበር።

አባትየው ክረምቱን ሙሉ አወሩ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ስለ ዋጡት ውርደት፣ ለሚስታቸው ሳይናገሩት ስለቀረው ነገር። አብራቸው የምትኖረው ትንሿ ልጃቸው ከተዘጋው በር ወዲያ ድምፃቸውን ትሰማለች፤ ቃሉ ግን አይለይላትም። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያወሩት?» ስትላቸው፣ «ስሞት ትሰሚዋለሽ» ይሏታል እየሳቁ።

አልሞቱም። አንድ ጠዋት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ልጅቷ ድምፃቸው ናፍቋት ላፕቶፑን ከፈተች። የመጀመሪያው ቅጂ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ዝም። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ዝም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም።

ወንድሟ መጥቶ ፈተሸው። ማሽኑ ሲያንቀላፋ ኃይል ለመቆጠብ የድምፅ ካርዱ ይጠፋል፤ ሲነቃ ግን ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ መልሶ አያስነሣውም። መቅጃው ምንም እንዳልተፈጠረ ባዶውን ይቀዳል። የማዋቀሪያው ፋይል ላይ አንዲት መስመር ጨመረ። ዘጋው፣ ከፈተው፣ «አንድ፣ ሁለት» አለበት። የገዛ ድምፁ ጥርት ብሎ ተመለሰ።

«ተስተካከለ» አለ ከልማዱ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይቺን ለማድረግ ነው ጊዜ ያጣኸው?» እስከዚያች ቀን «ጋሼ» ሳትለው ተናግራው አታውቅም።

«እኔ እኮ... ድራይቨሩ ነው እንጂ...»

«ድራይቨሩ አባት የለውም» አለችው።

አባትየው ከአልጋቸው ሆነው ይመለከቱ ነበር። በደህናው እጃቸው ላፕቶፑን አመለከቱ፣ ከዚያ ጆሮአቸውን ነኩ። ሊሰሙት ፈልገዋል።

«እየተስተካከለ ነው አባዬ፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለች ልጅቷ ፈጥና።

ልጁ ግን መዋሸት አልቻለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «አልተቀዳም አባዬ። ከመጀመሪያው ቀን በቀር ምንም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ የታፈነ ድምፅ ብቻ ወጣ። ከዚያ እጃቸውን ለልጅቷ ዘርግተው፣ ወደ ግድግዳው እንድታዞራቸው ጠቆሟት።

ልጁ አሁንም ይመጣል። ኮቴውን ደረጃው ላይ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ተኝተዋል» ትለዋለች እህቱ። እንዳልተኙ እሷም እሱም ያውቃሉ። ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል።