አምስት ከአምስት

«ለማኅበራችን አባላት በሙሉ። የፊታችን እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኦክላንድ በሚገኘው በሊቀ መንበሩ መኖሪያ ቤት ተሰብስበን ውሃ እንጠጣለን። መቅረት አይቻልም። ማርፈድ እንደ መቅረት ይቆጠራል።»

መልእክቱ በቴሌግራም ሲመጣ ማኅተም ነበረበት። ጥሩነህ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ያለ ማኅተም ደህና ዋላችሁም አይል።

የሱፍ ከፍሪሞንት ደወለልኝ። «ውሃ ነው የሚለው?»

«ውሃ ነው።»

«ምሳስ?»

«ስለ ምሳ አልተጻፈም።»

«ሸዋረጋ ሚስቱ ሆና ምሳ ይቀራል እንዴ» አለና ዘጋው።

እሑድ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስምንታችንም ደረስን፤ በማኅበሩ ታሪክ እንዲህ በጊዜ ተገኝተን አናውቅም። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጆግ ውሃ ተቀምጧል፤ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ የቆመችው የጥሩነህ ልጅ ዮዲ ናት። ሳን ሆዜ ውስጥ የጨው ውሃ የሚያጣራ ማሽን የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ኢንጂነር ናት። አማርኛው ጆሮዋ ላይ ሙሉ ነው፤ አፏ ጋ ሲደርስ ግማሹ ይቀራል።

«ሐሙስ ማሽናችን ከፖርቱ ይጫናል» አለች። የሚሄደው ፓስፊክ መሀል ወዳለች አንዲት የደሴት አገር ነው። ስሟን ሦስት ጊዜ ነገረችን፣ ሦስቴም ረሳነው። «እዛ ሪቨር የለም። የጉድጓድ ውሃ አለ፣ ባሕሩ ይገባበታል። ሽንት ቤቱም አሳማውም አጠገቡ ነው። ዝናብ ከጠፋ ሌላ የላቸውም። ልጆቹ ይታመማሉ።»

«እግዜር ይርዳቸው» አሉ ጋሽ ሳህሉ፣ በዕድሜ የሁላችን አባት።

«ላስት ይር አንድ ማሽን ልከን ነበር። ቬሪ ጉድ አሉን። ፎርም ላይ ፈረሙ። ከስድስት ወር በኋላ ስንሄድ ልብስ አስጥተውበታል።»

«ምነው?»

«ጣዕሙ አስጠላቸው። ለእኛ መናገር አፈሩ። ልጆቹ ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ።»

ጋሽ ሳህሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ፊት ለፊት አይናገሩም?»

«ስለዚህ ፕሊስ፣ ኦነስት ሁኑልኝ። መጥፎ ከሆነ ሐሙስ አይጫንም፣ አስተካክለን እንልካለን። እዛ ከደረሰ በኋላ ግን ማንም አይነግረኝም።»

ጥሩነህ ተነሣ። «የማኅበራችን አባላት እውነት በመናገር የታወቁ ናቸው» አለ፤ ይህን ሲል አንድ በአንድ ዓይን ዓይናችንን እያየ ነበር። «ይቺ ልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አልተኛችም። በሉ ቅመሱ።» ዮዲ ለየአንዳንዱ ጆግ ከአምስት ነጥብ የምንጽፍበት ወረቀት አደለችን።

ቁጥር አንድ ጨው ነበር። ጨው ጨው የሚል አይደለም፤ ጨው ነበር። ቀና ስል ሸዋረጋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ፈገግ ብላ ታየኛለች። አምስት ከአምስት ጻፍኩ።

«ማሻአላህ፣ ቀለል ያለ ነው» አለ የሱፍ።

«ጠበል ጠበል ይላል» አሉ ጋሽ ሳህሉ።

ቁጥር ሁለት ጨው የለውም። ፀሐይ ላይ የዋለ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነው። ውሃው ሲወርድ ጎማው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዮዲን አየኋት፤ እስክሪብቶዋን ጥርሷ ላይ ይዛ ትጠብቃለች። የክርስትናዋን ድግስ የበላሁ ሰው ነኝ። አምስት ጻፍኩ።

ወረቀቶቹን ሰብስባ አገላበጠች።

«ስንት ሆነ?» አለ ጥሩነህ።

«ኦል ፋይቭ። ሁለቱም።» አንደኛውን ጆግ አነሣች። «ይሄ የማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ ጨው የጨመርኩበት፣ እንደ ጉድጓዳቸው። እናንተን ቼክ ለማድረግ።»

ሰው ሁሉ ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

«ለካ ለዚህ ነው የጣመኝ» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «ሐኪም ጨው ከከለከለኝ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ሁለተኛውስ? ኦነስትሊ?»

«እሱማ እውነተኛ አምስት ነው» አለ ጥሩነህ ቀድሞን። እኛም በአንድ ድምፅ እውነተኛ አምስት ነው አልን። የሱፍ ቢፈቀድለት ስድስት ይጽፍ እንደነበር ተናገረ።

«እኔም በየቀኑ እጠጣዋለሁ» አለች ዮዲ፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። «ኦኬ። እንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ የተጠራጠርኩት።»

ከዚያ ምሳ ቀረበ። የሱፍም እንዲበላ ተብሎ አሳ ነበር፣ ከዳጣ ጋር። የሸዋረጋ ዳጣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጆሮ ያግላል። ጥሩነህ ኮካ ኮላውን ሁሉ ሰብስቦ ጋራዥ አስገባና ቁጥር ሁለትን መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ዛሬ የልጄን ውሃ ነው የምንጠጣው» አለ።

ጆጉን ሁላችንም አደነቅነው። አልተነካም።

መጀመሪያ የተነሣው የሱፍ ነው። «ለዐስር ሶላት ውዱእ ላድርግ» ብሎ ሄደ። ጋሽ ሳህሉ ኪኒን ከኪሳቸው አወጡ። ጥሩነህ ጆጉን ሲያስጠጋላቸው «ይሄ ቆሞ የሚዋጥ ነው» ብለው ተነሡ። ሌሎቹም አንዱ ስልክ አለብኝ፣ ሌላው እጄን ልታጠብ እያሉ ወጡ። እኔ ምክንያት ሳላገኝ ነው የተነሣሁት፤ ምላሴ ስለነደደ መናገርም አልቻልኩም።

ወጥ ቤት ስገባ የሱፍ ቧንቧው ሥር አንገቱን ጠምዝዞ በአፉ እየተቀበለ ነው። ከኋላው ጋሽ ሳህሉ፣ ከእሳቸው ኋላ ሌሎቹ በሥርዓት ተሰልፈዋል። ሸዋረጋ ጥግ ቆማ ከትልቅ ብርጭቆ ትጠጣለች። ማንም ማንንም አላየም። ተራዬ ደርሶ ስጨርስ ጥሩነህ ገባ። «ሎሚ ፈልጌ ነው» አለና ሎሚ ወዳለበት ሳይዞር በቀጥታ ቧንቧው ሥር ጎነበሰ።

ብዙ ጠጣ። ጢሙ እየተንጠባጠበ ቀና ሲል ከኋላው ተራ ይዛ የቆመችው ዮዲ ነበረች። ዓይኗ በዳጣው ቀልቷል፤ ባዶ ብርጭቆ ይዛለች።

ጥሩነህ ከቧንቧው ዞር አለላት። ቀዳች፣ ጠጣች፣ ደግማ ቀዳች። በሌላው እጇ ስልኳን አውጥታ ሳን ሆዜ ደወለች።

«የሐሙሱን አስቀሩት» አለች።