ከምራቷ መስኮት ሥር ያለው ገንዳ

ጋጋሪዋ ቀናተኛ መሆኗን ራሷም አትክድም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈሩን ዳቦ ስትጋግር ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ምድጃው ከእጇ ወጣ እንጂ እሳቱ ከሆዷ አልወጣም። የምትቀናው ግን በጎረቤት ሀብት ወይም በሰው ወርቅ አይደለም። የምትቀናው በአንድ ልጇ ሚስት ነው።

ልጇ በያጅ ነው። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሁለቱ በዋናው ቤት፣ ጋጋሪዋ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ልጇ ካገባ ወዲህ አንድም ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ከሥራ ሲገባ «ደህና ዋልሽ እማዬ? የጎደለሽ ነገር አለ?» ይላል። «ምንም» ስትለው «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ከሚስቱ ጋር ግን ይሳሳቃል፣ ጨው በዛ አነሰ ብሎ ይነታረካል፣ ይኳረፋል፣ ወዲያው ይታረቃል። ድሮ እንዲህ የሚነታረከው ከእናቱ ጋር ነበር። አሁን እሷን እንደ እንግዳ ያከብራታል። በገዛ ልጅ ቤት እንግዳ መሆን ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን ምራቷ «እኔኮ ውሃ ዳር ነው ያደግሁት፤ ዓሣ ማየት ይናፍቀኛል» አለች። አለች፣ በቃ። በዚያው ሳምንት ልጁ የአንድ ከብት እርባታ በር ሊጠግን ሄዶ፣ ስፌቱ ስለሚያፈስ የተጣለ የቆርቆሮ ማጠጫ ገንዳ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ስፌቱን በየደ፤ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ሞረደ፤ መሬቱን ቆፍሮ አሸዋ ደለደለ፤ ከዚያ ውሃ ልክ አውጥቶ በደረቱ ተኝቶ ይለካ ጀመር።

«ለእኔ የደረጃ መደገፊያ ብረት ስለምነው ዓመት አለፈ» አለች ጋጋሪዋ ለራሷ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ። «ለዓሣ ሲሆን ውሃ ልክ ይወጣል! ደግሞ ዓሣ በከብት ገንዳ!»

«ትንሽ ካዘመመ በአንድ በኩል ይፈስሳል እማዬ» አላት፣ በትሕትና።

ገንዳው ያረፈው ከምራቷ መስኮት ሥር ነው። ለዚህ ሲባል የጋጋሪዋ የልብስ ማስጫ ገመድ ተፈትቶ ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ተዛወረ። «ጥላ ያለው እዚህ ነው፤ ፀሐይ ከበዛበት ውሃው ይሞቃል» ብሎ አስረዳት። እሷም እርር ድብን ብላ «አዎ፣ ጥላውም ያውቃል የት እንደሚወድቅ» አለችው። የቧንቧ ውሃ ከተሞላ በኋላ ክሎሪኑ እስኪወጣለት ቀናት ተቀመጠ። ዓሦቹም ሲመጡ ወዲያው አልተለቀቁም፤ ውሃውን እስኪለምዱ በመጡበት ላስቲክ ውስጥ እንዳሉ ተንሳፍፈው ቆዩ። ባልና ሚስት ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ሲያዩ አመሹ። ጋጋሪዋ በሯን ዘግታ በጊዜ ተኛች።

የዓሦቹ ቀለብ በምራቷ እጅ ነበር። የመድኃኒት ሰው ናትና «በቀን አንዴ፣ በትንሿ ማንኪያ ግማሽ» ብላ አዘዘች። ለጋጋሪ ይህ ጭካኔ ነው። ሰው ይሁን እንስሳ ሳይጠግብ ከፊቷ ሲነሣ አይታ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ሲወጡ፣ ለቤቱ የጋገረችውን ዳቦ እየገመጠች ገንዳውን ልትራገም ሄደች። ልትራገም አፏን ስትከፍት ፍርፋሪ ወደቀ። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው እየተጋፉ ወደ እሷ መጡ። ጋጋሪዋ እርግማኑን ረሳችው። በዚያ ግቢ ውስጥ ወደ እሷ የሮጠ ፍጡር ካየች ስንት ጊዜዋ! ዳቦውን ቆርሳ ቆርሳ ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ይኸው ሆነ። ዓሦቹ ኮቴዋን ለዩ። ማታ ምራቷ ማንኪያዋን ይዛ ስትመጣ ግን ጠግበው ከሥር ተኝተዋልና ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

«ምነው ዛሬም እንቢ አሉኝ?» ትላለች ምራት ፊቷ ጠቁሮ።

«እንጃ ልጄ» ትላለች አማት። «ዓሣ ሰው ይመርጥ ይሆናል።» ይህን ብላ ክፍሏ ገብታ፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ትስቃለች። በማግስቱ ዳቦው ይጨመራል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ የጋጋሪዋ ዘንዶ ከውሃው ሽታ ጀመረ። መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ነጭ አረፋ አወጣ፣ ከዚያ ከረፋ። በዕረፍት ቀን ጠዋት በያጁ ወደ ገንዳው ሲወጣ ገሚሶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል፤ የቀሩትም ውሃው ላይ አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይለምናሉ።

«ሆዴ! ምን ሆነውብን ነው?» ብሎ ሚስቱን ጠራ።

ምራቷ እጇን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ከተተች። ከሥር አንድ ያበጠ የዳቦ ቅርፊት አወጣች። በዚያ ቤት ዳቦ የሚጋግር ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጋጋሪዋ ከበሯ ላይ ሆና ይህን አየች። ምራቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ባሏ ሳያይም ቅርፊቱን በጭብጧ ጨመቀችው።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ቀለቡን ሳላውቅ አብዝቼዋለሁ።»

ባልየው ከንፈሩን መጠጠ። ወደ እናቱ ክፍል መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና «እውነትሽን ነበር እማዬ። ዓሣ በከብት ገንዳ አይሆንም። ውሃውን ደፍቼ ገንዳውን ለሚፈልግ እሰጠዋለሁ፤ ገመድሽንም እመልሰዋለሁ» አላት። ይህን ቃል ስንት ወር ጠብቃዋለች! ልቧ ሊዘል ምንም አልቀረውም። እሱ ባልዲ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሲዞር ምራቷ ቀስ ብላ ጠጋ አለቻት።

«አይጨነቁ እማማ፣ አልነግረውም» አለች። «ለእርስዎ ብዬ ነው። እንዳይቆጣዎት።»

ከአፏ ማር ጠብ ይላል። የጋጋሪዋ ቆሽት ግን አረረ። ልጄን ወሰደች፣ ጥላውን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ደግነቱን ጠቅልላ ልትወስድ! እኔ የሚታዘንልኝ፣ እሷ የምታዝን! ይህስ አይደረግም።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

ልጁ ባልዲዎቹን እንዳንጠለጠለ ቆመ። «ምኑ?»

«ዓሦችህን የገደልኩት እኔ ነኝ! በዳቦ! ጠዋት ጠዋት! እሷ የለችበትም፤ በሌለችበት ምን ጥልቅ አደረጋት?»

«ኧረ እማማ…» አለች ምራት።

«ዝም በይ አንቺ! ጥፋቴን ማን ውሰጂልኝ አለሽ?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምተናል፤ እከኬን መልሱልኝ ብሎ የሚጣላ ግን እዚያ ግቢ ታየ። በያጁ ባልዲዎቹን ወረወራቸው።

«እማዬ፣ አንቺ ግን አእምሮ የለሽም?» ብሎ ጮኸ። ፊቱ ቀልቷል። «ዳቦ ለዓሣ! የከረፋውን አይሸትሽም? ደግሞ በየቀኑ!»

«እየተራቡ ዝም ልበል?»

«ማን ተራበ? በልክ ነው የሚበሉት!»

«አንተንም በልክ ነው ያሳደግሁህ?»

«ለዚህ አይደል ልጆች በርሜሉ ሲሉኝ ያደግሁት!»

«በርሜል ብትሆንም በረሃብ አልሞትክም!»

«አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን ታሳብጂኛለሽ! ነይ! ባልዲውን ያዢ! ግማሹን ውሃ ቀድተሽ ሳትደፊ ወንበር ላይ አትቀመጪም!»

ከሠርጉ ወዲህ እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ጋጋሪዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ልጃገረድ ፈጥና ትልቁን ባልዲ አነሣች። የከረፋውን ውሃ እየቀዳች፣ እየተሰደበች፣ እየመለሰች፣ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። እሱም ያደረ ውሃ ከግቢው የውሃ በርሜል እየቀዳ ይጨምራል፤ «ቀስ በይ፣ የተረፉትን እንዳትጨርሻቸው!» ይላታል፤ «አንተ ራስህ አትረብሸኝ!» ትለዋለች።

ምራቷ ወደ ቤት ገብታ በመስኮት ብቅ ብላ ታያቸው ነበር። «ላግዛችሁ?» አለች።

«አያስፈልግም» አለች አማት፣ ልጇ አፉን ሳይከፍት። «እኛ እንጨርሰዋለን።»

ምራቷ እዚያው ቆማ ቀረች። ማንም አልጠራትም፤ ማንም አልተቆጣት። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ጋጋሪዋ ከሩቅ ለየችው፤ ራሷ ለብሳው የከረመችው ነገር ነውና። አንድ ባልዲ ሞልታ ደፋች። ጥሩ ሴት ብትሆን ኖሮ ወዲያው በጠራቻት፤ እሷ ግን ሌላም ሞልታ ደፋች፣ ትንሽ ልትደሰትበት።

ከዚያ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ነይ ውረጂ በያ» አለች። «ትንሹን ጣሳ ይዘሽ ነይ። ባልዲው ግን የኔ ነው።»