አንዴ አንኳኩቶ መጠበቅ

የቀድሞውን ዳይሬክተራችንን ከኋላቸው "ባለቁልፉ" ነበር የምንላቸው። የመድኃኒት መጋዘኑ፣ የአንሶላው ቁምሳጥን፣ የነዳጁ ክፍል፣ የሳሙናው ሳጥን ሳይቀር ቁልፉ በአንድ የብረት ቀለበት ታስሮ ከእሳቸው ወገብ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ሌባ አልነበሩም፤ ይኼን አፌን ሞልቼ እመሰክራለሁ። ሆስፒታላችን ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ እሳቸውም ያቺን ጥቂት ለመጠበቅ ሌት ተቀን ሲባዝኑ ኖሩ። ጓንት ቢያልቅ እሳቸው፣ አምፖል ቢቃጠል እሳቸው። ሁሉንም ነገር ቆጥበዋል፤ ሳይቆጥቡ የቀሩት የእኛን ጊዜ ብቻ ነው።

ደንባቸው አጭር ነበር። በራቸውን አንዴ አንኳኩቶ መጠበቅ። ሁለቴ ያንኳኳ ሰው ያን ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል። ከውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ከተሰማ እየመጡ ነው ማለት ነውና ማንም ከቆመበት አይነቃነቅም። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ዘበኛውም እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። እኔ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ፤ ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ስንቴ ቆሜ እንዳንቀላፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን እዚያው ኮሪደር ላይ ወደቁ። ልባቸው ነበር፤ ልናተርፋቸው አልቻልንም። ስናነሳቸው እጃቸው ቀለበቱን ጨብጦ አልለቅም ብሎ አስቸገረን።

በቦታቸው የተተካችው የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ሐኪም ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የባሰ። ሥራውን የተረከበችው በክፉ ጊዜ ነበር። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ የምንኖረው በጄኔሬተር ነው፣ ነዳጅ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ሰበሰበችን።

"ያለን ይኼው ነው" አለች። "መብራት መጀመሪያ ለኦፕራሲዮን ክፍል፣ ቀጥሎ ለደም ማቀዝቀዣው። የእኔ ቢሮ መጨረሻ ነው፤ ካልደረሰውም መስኮት አለኝ። ሌላው ሰዓታችን ነው። እናንተ በሬ ላይ ስትቆሙ በሽተኛ የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህ ይኼን ጉድ ከእኔ ላይ ውሰዱልኝ።"

ቀለበቱን ፈታችና ቁልፎቹን አደለች። የመድኃኒቱን ለፋርማሲስቱ፣ የነዳጁን ጋሽ ሞተር ለምንለው ለጄኔሬተር ሠራተኛው ሰጠች። የሳሙናውን የወሰደችው ልብስ አጣቢያችን ሳቂታ ናት። ስሟን የሚጠራው ባሏ ብቻ ነው፤ ለእኛ ሳቂታ ናት። ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ቁልፉን ሆዷ ላይ አስቀምጣ "በሉ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሳሙና ሚኒስትር ነኝ፤ ተሰልፋችሁ ግቡ" ብላ አሳቀችን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደስ ይል ነበር። ነዳጁ ያው ነው፣ ሰዉም ያው ነው፤ ግን ቤቱ ተነፈሰ። የሚያስፈልገውን የሚያውቅ ሰው ራሱ ከፍቶ፣ ወስዶ፣ ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። በጓደኛዬ ኮራሁባት፤ ነገርኳትም።

ያበላሸው አንድ በርሜል ነው። ጓደኛዬ ነዳጁን ለማየት ስትገባ ሙሉ ነው ያለችው በርሜል ጎድሎ አገኘችው። ጋሽ ሞተርን አስጠራችው። እሱም አልደበቀም። መንገድ ላይ የቀረች ወላድ ለማምጣት ለአምቡላንሱ ሰጥቻለሁ አለ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ዶክተር፣ ቁልፉን የሰጡኝ እኮ አስቤ እንድሠራ ነው።"

ልክ ነበር። እሷም ልክ መሆኑን አውቃለች፤ ከፊቷ ላይ አነበብኩት። ግን ደንግጣለች። የመጣው ነዳጅ ነገ ቢያልቅ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ብላ እንቅልፍ አጣች። በማግስቱ ቁልፎቹን ሰበሰበች፤ የጋሽ ሞተርን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም። ሳቂታ የሳሙናዋን ስትመልስ "ተሻርኩ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ለጊዜው ነው" አለቻት ጓደኛዬ።

ለጊዜው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ለጊዜው መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ኋላ ሰው በመጣ ቁጥር መሳቢያ መክፈት ሰለቻትና ያንን የብረት ቀለበት ወገቧ ላይ አሰረችው። ሰው ተመልሶ በሯ ላይ ተሰለፈ። ማንም አላዘዘም፤ እግራችን የለመደውን ያውቃል። አንዴ አንኳኩተን መጠበቅ ጀመርን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ቁጭ ብለን ስናወራ ድንገት ጣቷን አነሳች።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"በኮሪደሩ እየሄዱ ነው። ቁልፋቸው ይሰማል።"

"የራስሽ ወገብ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ያዢውና ዝም ይልልሻል" አልኳት እየሳቅሁ።

ቀለበቱን በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። እኔም ለመቀለድ ያህል ጆሮዬን ጣልኩ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። በሩን አልፎ፣ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ነገር ነበር። ፈራሁ። ቧንቧ ነው አልኳት። እሷም ቧንቧ መሆን አለበት አለች፤ ቧንቧዎቹ ግን ውኃ ካጡ ሰንብተዋል።

ያቺ ክፉ ቀን የመጣችው ከዚህ ብዙም ሳትርቅ ነው። ጓደኛዬ ስለ ነዳጅ ድልድሉ ከበላይ መሥሪያ ቤት ድንገት ተጠራች። በፊት ለፊት ብትወጣ በሯ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይይዛታል፤ ስለዚህ ቢሮዋን ቆልፋ በጓሮው በኩል ሹልክ ብላ ሄደች። ለሾፌሩ ካልሆነ ለማንም አልነገረችም። ቁልፎቹ ወገቧ ላይ ነበሩ።

እሷ በሄደች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሳቂታን አመጡልን። ምጧ ከብዷል፣ የሕፃኑ የልብ ምት እየደከመ ነው። ቀዶ ሐኪሙ "አሁኑኑ ይውጣ" አለ። ከወገቧ በታች አደነዘዝኳት። ነቅታ ነው የምትወልደው፤ እጄን ይዛ ታወራኛለች።

"እኔ ስተኛ ሳሙናውን እንዳትጨርሱብኝ።"

"የተሻረ ሚኒስትር አይናገርም" አልኳት።

ሳቀች። እየሳቀች ሳለ መብራቱ ጠፋ።

ኦፕራሲዮን ክፍላችን መስኮት የለውም። ውጭ ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፤ እኛ ግን እጃችንን ማየት አቃተን። የጄኔሬተሩ ድምፅ ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ ጋሽ ሞተር ወደ ጓደኛዬ ቢሮ ሲሮጥ ሰማሁት፤ ነዳጅ አምጥቶ እስኪሞላ ጥቂት ታገሡ እያለ ይጮህ ነበር። የስልኮቻችንን መብራት አበራን። ሐኪሙ በዚያች ብርሃን ሠራ፤ እጁን ይባርከው፣ እናቲቱን አተረፈ። ሕፃኑ ወጣ፤ ወንድ ነው። አላለቀሰም። ጉሮሮውን የሚያጸዳው ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው፣ ኦክስጅኑም እንደዚያው። አዋላጇ በእጅ የሚሠራውን ሁሉ ሠራች። ሳቂታ በጨለማው ውስጥ "ለምን ዝም አለ? ለምን ዝም አላችሁ?" ትለኛለች። እኔ በሩን አያለሁ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እላለሁ።

መብራቱ የመጣው ሕፃኑ ካለፈ በኋላ ነው። ሲመጣ ሁሉንም አሳየን።

ጋሽ ሞተር የት እንደቆየ የነገረኝ እያለቀሰ ነው። ቢሮው ጋ ሲደርስ ሰዎች እንደወትሯቸው ተሰልፈዋል። በሩን አንኳኳ። ከውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማ። "መጡ" አለ ፋርማሲስቱ፣ እሱም ሰምቷል። ቆሙ። ጋሽ ሞተር "ዶክተር፣ ነዳጅ! ሰው ኦፕራሲዮን ላይ ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ቁልፎቹ በሩ ድረስ ቀርበው ተንሿሹ። ደግሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። እጁ ግን አልታዘዘውም፤ በዚያ በር ላይ ሁለቴ አንኳኩቶ አያውቅም። በድምፁ ተማምነው ማንም መጋዘኑን ልስበር አላለም።

ከዚያ ቁልፎቹ ከኋላቸው ተሰሙ። ሲዞሩ ጓደኛዬ ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች ትመጣለች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

"ተፈቀደልን! ነዳጁ ተፈቀደልን!"

ጋሽ ሞተር እሷን አየ፣ በሩን አየ።

"ታዲያ ውስጥ ማነው?" አላት።

የነዳጁን ቁልፍ ከቀለበቱ መንጭቆ ሮጠ። እሷ ቢሮዋን ከፈተች። ማንም አልነበረም። ወንበሯ ብቻ ሰው ሊነሳ ሲል እንደሚያደርገው ከጠረጴዛው ፈቀቅ ብሎ ነበር።

ያን ዕለት ልጮህባት ነበር የሄድኩት፤ ደሜ ፈልቷል። ነዳጁ ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። በርሜሉን በእጇ ትመታዋለች፤ ድምፁ ድፍን ነው።

"ሙሉ ነበር" አለችኝ። "እኮ ነበረን። ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።"

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

በማግስቱ እያንዳንዱን ቁልፍ በየበሩ አጠገብ ሚስማር መትታ ሰቀለችው። የብረት ቀለበቱን ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። የራሷን ቢሮ በር ደግሞ አናጺ ጠርታ ከነማጠፊያው አስነቀለችው። ከዚያ ወዲህ ነገር የሚፈልግ ሰው ራሱ ወስዶ ለተረኛው ይናገራል። ነዳጁም አላለቀም፤ እንዲያውም ይተርፈናል። ይኼን ስትናገር አንድ ቀንም ፈገግ ብላ አላየኋትም።

ሳቂታ ወደ ሥራ የተመለሰችው ከስታ ነው። የታጠበ ጋውን ታቅፋ መጣች፤ እኔም ጓደኛዬም ቢሮው ውስጥ ነበርን። በር በሌለው መግቢያ ላይ ቆመችና መቃኑን አንዴ አንኳኳች።

"ግቢ እንጂ እህቴ" አለቻት ጓደኛዬ። "በር እኮ የለም።"

"አውቃለሁ" አለች ሳቂታ። አልገባችም። ጋውኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደ ሕፃን ይዛዋለች። "ቁልፍ ይሰማኛል። እየመጡ ነው፤ ልጠብቅ።"

ጓደኛዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ከወንበሯ ተነሳች፣ ወጣች፣ ከሳቂታ ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁለቱም ወደ ውስጥ እያዩ መጠበቅ ጀመሩ።

ክፍሉ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳላስበው እጄን ሰድጄ ወገቤን ዳበስኩ።