ማሽኑ የመለሰው ጥርስ

የሥራ ባልደረቦቿ ምላጭ ይሏታል። እጇን አይተው ያወጡላት ስም ነው፤ የለም ምላሷን አይተው ነው የሚሉም አሉ። የምትሠራው የጥርስ ማቃኛ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ማቃኛ ማለት የተጣመመ ጥርስ ላይ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ መስታወት የመሰለ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሰውዬው አንዱን ለጥቂት ጊዜ ያደርግና አውልቆ ቀጣዩን ያደርጋል፤ ጥርሱም ሳይታወቀው ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ማቃኛ መጀመሪያ የሰውየው ጥርስ ሞዴል በማሽን ይታተማል። ከዚያ የጋለ ፕላስቲክ ሞዴሉ ላይ ይለጠፋል። በመጨረሻም ትርፉ የድዱን መስመር ተከትሎ ይቆረጣል።

ቁረጣው የምላጭና የጓደኞቿ ሥራ ነበር። ጭምብሏን አጥልቃ፣ ጥፍር የምታክል፣ በኤሌክትሪክ የምትሽከረከር መቁረጫ ይዛ፣ ብናኙ ቅንድቧ ላይ እየሰፈረ ስትቆርጥ ትውላለች። ጠርዙ ከሻከረ ምላስ ያቆስላል፤ ከረዘመ ድድ ይበላል። የእሷ አይሻክርም፣ አይረዝምም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ የቆራጮቹ ጠረጴዛዎች ተነሥተዋል። በቦታቸው በመስታወት የታጠረ ማሽን ተተክሏል። አንዱ ክንዱ ሞዴሉን ይዞ ያዞራል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ከላይ ያለው ካሜራ ያያል። ከማሽኑ ጋር አንድ ጎልማሳ መሐንዲስ አብሮ መጣ፤ ራሱ ላይ ለምልክት የሚሆን ፀጉር እንኳ የለውም። «ምላጭና መላጣ ተገናኙ!» ብለው ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየ። ገሚሶቹ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወሩ፣ ገሚሶቹ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጡ። ምላጭ ብቻ ማሽኑ አጠገብ ቀረች።

መሐንዲሱ ማሽኑ የቆረጠውን የመጀመሪያ ማቃኛ ሰጣት። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እንከን ፈለገች። አገላብጣ ፈለገች። አጣች።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይቺ ትልቅ ምስጋና ናት።

አዲሱ ሥራዋ መጠበቅ ሆነ። ካሜራው የተጠራጠረውን ሞዴል ቀይ ትሪ ላይ ያወጣዋል፤ እሷ አይታ ይቆረጥ ወይም ይጣል ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ትሪው ባዶ ነው። እጇ ሥራ ፈታ። ቤቷ ገብታ ድንች ስትልጥ ልጣጩን የሽንኩርት ገለፈት እስኪመስል ታሳሳዋለች።

«ወገብሽ አረፈ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላታል ባሏ።

«ወገቤስ አርፏል።»

«ታዲያ ያላረፈው ምንሽ ነው?»

ሌላ ድንች አነሣች።

እንዲህ እያለች ከርማ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ማሽኑ አንድ ሞዴል መለሰ። ወዲያው ሌላ መለሰ። ቀጥሎም ሌላ። ሁሉም የአንድ ሰው ጥርስ ናቸው። ስም የለባቸውም፤ እዚያ ቤት ሰው ቁጥር ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ «የኅትመት ጉድለት፤ የላይ ፊት ጥርስ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ምላጭ የመጀመሪያውን አነሣችው። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች የአንደኛው ጫፍ ሸረፍ ብሏል። በመካከላቸው ደግሞ ሰፋ ያለ ፍንጭት አለ።

አስቀመጠችው። መልሳ አነሣችው።

ልጆች ሆነው ታናሽ እህቷ ሚጢ ግቢው ውስጥ አፏን ከቧንቧው ገጥማ ስትጠጣ፣ ምላጭ ተራ ይድረሰኝ ብላ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። ጥርሷ የተሸረፈው ያኔ ነው። ፍንጭቱ የአባታቸው ነው። ሚጢ ቁርጥ እሱን ወጣች፤ ምላጭ በእናቷ በኩል ሄደችና ጥርሷ ግጥም ያለ ሆነ። በልጅነቷ ስንት ቀን መስታወት ፊት ቆማ ጥርሶቿን በጥፍሯ ልትፈለቅቅ ሞክራለች።

ሁለቱ እህቶች ከተኮራረፉ ዓመታት አልፈዋል። አባታቸው ሲታመም ያስታመመችው ሚጢ ናት። ለምላጭ የደወለችላት ካረፈ በኋላ ነው። ምላጭ ከራቀ ቦታ ተነሥታ ስትደርስ አፈር ለብሷል። ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን ላፈር ተባባሉ።

ሞዴሎቹን በየተራቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ፍንጭቱ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየጠበበ ይሄዳል። መሐል ላይ ክር ያሳልፋል። መጨረሻው ላይ የለም። «እሱንም ልታጠፋው ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

መሐንዲሱ ድምፅ ሰምቶ መጣ። «ምን ሆነ?»

«ማሽንህ ሽራፊውን የኅትመት ጉድለት አድርጎታል። ጉድለት አይደለም፤ ጥርሱ ራሱ ነው የተሸረፈው።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኛ የሸረፍኩት።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የሆነ ሆኖ ደንብ ነውና ሞዴሎቹን ወዳዘዙት የጥርስ ሐኪም ደወለ። ሽራፊው እውነተኛ ነው ብለው አረጋገጡለት። ማሽኑ እንዲቀበለው ሊያስተካክል ሲቀመጥ ምላጭ ከመሳቢያዋ የድሮ መቁረጫዋን አወጣች።

«እነዚህን በእጄ ልቁረጣቸው።»

«ትችያለሽ» አላት ትንሽ አስቦ።

ጭምብሏን አጥልቃ መቁረጫውን አስነሣችው። ድምፁ ናፍቋት ኖሯል። የመጀመሪያውን ሞዴል ጨበጠችና ወደ መሐንዲሱ ዞረች።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ለእህቴ አፍ የሚሻለው የማናችን ነው?»

መላጣው ራሱን ዳበሰ። «ያንቺም ጥሩ ነው። ግን ሰው ይደክመዋል፤ የማሽኑ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አንድ ነው።»

መቁረጫውን አጠፋችው። «እንግዲያው እሱ ይቁረጠው» ብላ ሞዴሎቹን በተራቸው መለሰችለት።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ደወለች።

«ሃሎ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አለች ሚጢ።

«ማንም አልሞተም። ፍንጭትሽን ልታስገጥሚ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ጥርስሽ እጄ ገብቶ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ጥርስ እያየሽ ነው ስልክ የምትደውይው?»

«የአባባን ፍንጭት ምን በደለሽ?»

«መስታወት ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚያየኝ» አለች ሚጢ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሲስቅ ቢሆን ደግ። መጨረሻ ላይ አፉን ከፍቶ ነበር የሚተኛው። አንቺ አላየሽውም።»

«እንዳላየው ያደረገኝ ማን ሆነና!»

«እሱ! እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ ብሎ አስማለኝ። መጣሽ፣ ሰው ፊት ጮኽሽብኝ፣ ሄድሽ። መቼ ጠየቅሽኝ?»

ምላጭ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። «እሑድ ቤት ነይ» አለች በመጨረሻ።

«እናያለን» ብላ ሚጢ ዘጋችው።

ያን እሑድ አልመጣችም። የሚቀጥለውም እሑድ ሄደ። ምላጭ ደግማ አልደወለችም፤ ግን እሑድ እሑድ ከቤት መውጣት አቆመች። ከዚያ አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ፤ ሚጢ ናት፤ ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። አንገት ለአንገት ተያይዘው ትንሽ ቆዩና ተላቀቁ። ማቃኛውን አድርጋው ስለነበር አፏ ተሳስሯል።

«እባክሽ ውሃ ሽጪኝ» አለች።

«ለአንቺስ በነፃ ነው» አለ ባልየው። ሚጢ በእጇ አፏን ከድና ሳቀች።

ገበታ ሲቀርብ ማቃኛውን አውልቃ በሶፍት ጠቀለለችው። በልተው ሲያበቁ ሳትጠየቅ ስለ አባታቸው ማውራት ጀመረች፤ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው፣ ማን ዘንድ እንደወሰደችው፣ ምግብ እንዴት እንደጠላ። ምላጭ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትሰማለች። ባልየው ወሬያቸውን ላለማቋረጥ ቀስ ብሎ ሳህኑን አነሣሣ፤ ከሳህኑ ጋር ሶፍቱንም ሰበሰበና ወሰደው።

ሚጢ ድንገት ጠረጴዛውን በእጇ ዳበሰች። «ጥርሴስ?»

ሦስቱም ወጥ ቤት ገብተው የቆሻሻ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገለበጡት። ባልየው ይቅርታውን እየደጋገመ የድንች ልጣጭ ይበትናል፤ ሚጢ «እኔን አፈር ይብላኝ!» ትላለች። ያገኘችው ምላጭ ናት። ቧንቧው ሥር በሳሙና አጥባ ሰጠቻት። ሚጢ አራገፈችና ጠቅ አድርጋ ከተተችው። ወደ ጠረጴዛው አልተመለሱም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«የቱ ጋ ነበር ያቆምኩልሽ?» አለች ሚጢ።

«ሾርባውን አልፈልግም ካለሽበት።»

«አዎ፣ ሾርባው» ብላ ቀጠለች።